ደረሰኝ የለሽም ማለት ማሽኑ ያንቺ አይደለም ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሥሩ የተጻፉትንም አየሁ። አብዛኛው ሰው «ደረሰኝ ከሌለሽ ተይው፣ ፈጣሪ ይተካልሽ» ነው ያለሽ። እኔ በዚህ አልስማማም። ማሽኑ እንጀራሽ ነው፤ እንዲሁ በዋዛ አይተውም።

ላላነበቡት ባጭሩ ላስረዳ። እህታችን ድሬዳዋ ውስጥ ቀፊራ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ተከራይታ ድሪያና ሺቲ የሚባሉትን የሴት ልብሶች ትሰፋለች። የስፌት ማሽኑን የገዛችው ሥራ ካቆመ የመጋላ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነው፤ ያገለገለ ነው፤ ደረሰኝ አልተቀባበሉም። ከፍቅረኛዋ ጋር ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል፣ አልተጋቡም። ከተለያዩ በኋላ ለለቅሶ ሐረር ሄዳ ስትመለስ ማሽኑ ከሱቁ የለም። ትርፍ ቁልፍ እሱ ጋ ነበር። ደውላ ስትጠይቀው «ገንዘቡን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፣ ማሽኑ የኔ ነው» አላት። አሁን የምትጠይቀው ያለ ደረሰኝ የኔ መሆኑን በምን ላስረዳ ብላ ነው።

መጀመሪያ ይህን ያዢ። ሕጉ ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን ብሎ የሚያስገድደው እንደ ቤት ላለ የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው። የስፌት ማሽን፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን በቃል ተስማምቶ መግዛት ይቻላል። እስቲ ድሬ ውስጥ ከታይዋን ወይም ከአሸዋ ገበያ ዕቃ ገዝቶ ደረሰኝ ያስቀመጠ ስንት ሰው ነው? ያ ሁሉ ሰው ንብረት የለውም ማለት ነው? አይደለም። ደረሰኝ አንዱ ማስረጃ ነው። ሌላም ብዙ አለ።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በ1952 በወጣው፣ ቁጥር 1193 ላይ አንድ ግምት አለ። ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ባለቤቱ እንደሆነ ይገመታል። አይደለም የሚል ማስረዳት አለበት። ዛሬ ማሽኑ በእሱ እጅ ስለሆነ «አስረጂ» የምትባይው አንቺ ነሽ። ልጁ የሚተማመነውም በዚህ ነው።

ግን በጽሑፍሽ መሀል እንደ ዋዛ ያለፍሽው አንድ ነገር አለ። ማሽኑ የነበረው በአንቺ ሱቅ ነው። ኪራዩን የምትከፍይው አንቺ ነሽ። የምትሰፊበት አንቺ ነሽ። እሱ የወሰደው አንቺ ሳትኖሪ፣ ሳትፈቅጂ ነው። ስለዚህ ማሽኑ በአንቺ ይዞታ ሥር ነበር ማለት ነው። ያ ግምት እስከዚያ ቀን ድረስ የሚሠራው ለአንቺ ነበር። በዚያው ሕግ ቁጥር 1149 ይዞታው ያለአግባብ የተነጠቀበት ሰው በ2 ዓመት ውስጥ ይመለስልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል። ስለዚህ ነገርሽን ስታስረጂ «ማሽኑ የኔ ነው» ብለሽ አትጀምሪ። «ማሽኑ እኔ ጋ ነበር፣ ከሱቄ ተወሰደ» ብለሽ ጀምሪ። ሁለቱ ይለያያሉ።

የኔ ጉዳይ ካንቺ የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም ዕቃዬ የቀረው አብሬው ስኖር ከነበረው ሰው ቤት ነው። ሳቢያን ሰፈር አብረን ስንኖር ጁስና ቀዝቃዛ ውኃ እሸጥ ነበር። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ፍሪጅ ያለው ሰው ሥራ አያጣም። ፍሪጁን የገዛሁት በእቁብ ብር ከታይዋን ነው። ስንለያይ ልብሴን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ፍሪጁን ስጠይቅ «ቤቴ ውስጥ ያለ ዕቃ የኔ ነው» አለኝ። ዘመዶቹም «በምን ታሳያለች?» አሉ።

እኔ የጀመርኩት ከገንዘቡ ነው። ፍሪጁ የማን ነው ከማለት በፊት ብሩ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ የሚለውን ተከተልኩ። የእቁባችን ጸሐፊ ጎበዝ ሴት ናት፤ ሁሉንም በደብተር ትጽፋለች። ዕጣው የደረሰኝን ሳምንት ገልጣ አሳየችኝ። ስሜ አለ፣ ብሩ አለ፣ ስቀበል የፈረምኩት አለ። ገጹን በስልክ አነሳሁት፤ እሷም ከተጠራች መጥታ እንደምትናገር ቃል ገባችልኝ። ፍሪጁ ቤት የገባው በዚያው ሳምንት ነው። ጭኖ ያመጣው የባጃጅ ልጅ የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ ያስታውሳል። ቀኑና ብሩ ሲገጣጠሙ ነገሩ መልክ ያዘ።

ከዚያ ወደ ዕቃው ራሱ ሄድኩ። ፍሪጁ አንዴ ማቀዝቀዝ አቁሞ ጋዝ አስሞልቼ ነበር። ያስጠገንኩት እኔ፣ የከፈልኩት በቴሌብር እኔ። መልእክቱ ስልኬ ላይ አለ፤ የጠጋኙ ስም፣ ብሩና የግብይት ቁጥሩ ጭምር።

በሽምግልናው ቀን የሆነውን አልረሳውም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምድር ባቡር የሠሩ አባት ናቸው። ፍሪጁ ወዳለበት ክፍል ሳንገባ በር ላይ አስቆሙን። «ዕቃው የኔ ነው የምትሉ ሁለታችሁም፣ ከጀርባው ምን እንዳለ ንገሩኝ» አሉ። እሱ «ምን ይኖራል፣ ሽቦ ነዋ» አለ። እኔ ኮምፕሬሰሩ ላይ ጠጋኙ በጥቁር ማርከር ቀኑንና ስልኩን እንደጻፈ ተናገርኩ። የበሩ ጎማ ታች በቀኝ በኩል ተላቆ በማስቲሽ መጣበቁንም ነገርኳቸው። ፍሪጁን ከግድግዳው ሳቡት። ሽማግሌው የስልክ መብራት አብርተው አጎነበሱ። ኮምፕሬሰሩን አቧራ ሸፍኖታል። በጣታቸው ጠረግ ሲያደርጉት ቁጥሩ ወጣ። እዚያው ደወሉለት። ጠጋኙ አነሳና የኔን ስም ጠርቶ «የሷ ፍሪጅ ነው፣ ጁስ የምትሸጠዋ» አለ። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስታቢላይዘሩን የገዛው እሱ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሳይጠይቁኝ ነቅዬ ሰጠሁት። የራስሽን ብቻ እንደምትፈልጊ ሰው ሲያይ ቃልሽን ያምናል። አንቺም የሱ የሆነ ነገር ሱቅሽ ውስጥ ካለ፣ ክርም ይሁን መቀስ፣ በዝርዝር ጻፊና ለመመለስ ዝግጁ ሁኚ።

አሁን ወዳንቺ ማሽን። ዋናው ምስክርሽ የሸጠልሽ ሰውዬ ነው። ነገ ዛሬ ሳትዪ አግኚው። ለማን እንደሸጠ፣ በስንት፣ መቼ፣ ብሩን ከማን እጅ እንደተቀበለ ይንገርሽ። ፈቃደኛ ከሆነ በወረቀት ጽፎ ይፈርምልሽ፤ ሁለት ሰዎችም አብረው ይፈርሙ። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ግን ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፤ ራሱ ቀርቦ መመስከር ይኖርበታል። ስለዚህ ስልኩንና አድራሻውን ያዢ። የከፈልሽው በባንክ ወይም በቴሌብር ከሆነ ተገላግለሻል። ባንክሽ ሄደሽ የዚያን ወር ስቴትመንት አስወጪ። በጥሬ ብር ከሆነም ከደብተርሽ ያወጣሽበት ቀን ይታያል።

ማሽኑ አካል ላይ የተቀረጸ ሴሪያል ቁጥር አለ። ሻጩ ወይም የሚጠግንልሽ መካኒክ መዝግቦት ሊሆን ይችላል፤ ጠይቂ። ስልክሽ ውስጥ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች በደንብ ፈልጊ። የሰፋሽውን ድሪያ ለደንበኛ ስትልኪ ከኋላ ማሽኑ የታየበት አንድ ሁለት ፎቶ አይጠፋም። ፎቶው የተነሳበትን ቀን ስልኩ ስለሚይዝ እንዳታጠፊው። የማሽኑን ምልክቶችም አሁን፣ ሳታዪው፣ ከጭንቅላትሽ ጻፊ። ጠረጴዛው ላይ ካውያ ያቃጠለው ቦታ፣ የተቀየረ ሞተር፣ ፔዳሉ ላይ ያሰርሽው ጨርቅ፣ ምንም ይሁን። በየቀኑ የሚሰፋበት ሰው የሚያውቀውን ሌላ ሰው አያውቀውም።

የሱቅ ጎረቤቶችሽም አሉ። ማሽኑ ሲወጣ ያየ ሰው አለ ወይ? የጫነው ባጃጅ ወይም ጋሪ የማን ነው? ቀፊራ ውስጥ ማሽን የሚያህል ዕቃ ተጭኖ ማንም ሳያየው አይወጣም።

ከሱ ጋር የተጻጻፋችሁትንም አትርሺ። ቴሌግራም፣ ኢሞ፣ ተራ ሜሴጅ፣ ሁሉንም። ተናደሽ ብሎክ አድርገሽው ከሆነ ግድ የለም፤ መልእክቱን ግን አታጥፊ። ደህና በነበራችሁበት ጊዜ «ማሽንሽ ተሠራ?» ወይም «ማሽንሽን ስንት ገዛሽው?» ያለበት አንድ መስመር ካለ ትልቅ ነገር ነው። ስክሪንሻት አንሺ፣ ስልኩንም ራሱን ጠብቂው፤ ዋናው ሊታይ ይችላል።

«ገንዘቡን እኔ ነኝ የሰጠኋት» ስላለው ነገር ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ይህ አነጋገር ሰውን ያስደነግጣል። ግን ሲመረመር በሦስት መንገድ ብቻ ነው የሚታየው። በስጦታ ሰጥቶሽ ከሆነ ተሰጥቷል፣ ተቀብለሻል፣ አለቀ፤ ስለተጣላችሁ ብቻ ዕቃው ወደሱ አይመለስም። አበድሮሽ ከሆነ የሚጠይቅሽ ብር ነው፣ ማሽን አይደለም። ያውም ከ500 ብር በላይ ብድር በሰው ምስክር አይረጋገጥም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ካልሆነ በፍርድ ቤት የተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ። ሦስተኛው እውነትም አዋጥታችሁ ከገዛችሁ ነው። እዚህ ላይ ለራስሽ እውነቱን ተናገሪ። ግማሹን እሱ ከከፈለ «ድርሻውን ልመልስ፣ ማሽኑ ግን መተዳደሪያዬ ስለሆነ እኔ ጋ ይቅር» ብለሽ ብትቀርቢ ሚዛን ይደፋልሻል። ክደሽ በኋላ ከተገኘብሽ ግን የቀረውም ቃልሽ አይታመንም።

አንዳንዶች «አብራችሁ ስለኖራችሁ የጋራ ነው» ብለውሻል። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በዚህ ሕግ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ንብረት የጋራ የሚሆነው አብረው የኖሩት ከ3 ዓመት ካላነሰ ነው። እናንተ ሁለት ዓመት ነው የኖራችሁት። የተጋባችሁ ብትሆኑ ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ሁሉ የግል መሆኑ እስኪረጋገጥ የጋራ ተብሎ ይገመታል፣ በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብ እንኳን። ይህን የምታነቡ ባለትዳሮች ለራሳችሁ ጉዳይ የኔን መልስ እንዳለ አትውሰዱ።

የት ትሄጃለሽ? መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሄደሽ አስመዝግቢ። «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብለው ሊመልሱሽ ይችላሉ፤ ለኔም ያሉኝ እንደዚያ ነው። ያንቺ ግን ከተዘጋ ሱቅ በትርፍ ቁልፍ ገብቶ የተወሰደ ነው። ይህን አጉልተሽ ተናገሪ። ባይቀበሉሽም ወዲያው ማመልከትሽ በኋላ ይጠቅምሻል።

ሽምግልናውን አልቃወምም፤ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። ግን የምትመርጫቸው ሰዎች የሁለታችሁም ወገን ያልሆኑ ይሁኑ። ውሳኔውም በጽሑፍ ይሁን፦ ማሽኑ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ሴሪያል ቁጥሩ፣ በየትኛው ቀን እንደሚመለስ፣ የሁለታችሁም ፊርማና የሽማግሌዎቹ ፊርማ። በቃል «ይመልስልሻል» ብለው ቢያሰናብቱሽ እሺ ብለሽ አትውጪ።

አስቸኳዩ ነገር እንዳይሸጠው ነው። ማሽኑ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በቅን ልቦና ከፍሎ ከተረከበ ሕጉ ገዢውን ሊጠብቀው ይችላል፤ ያኔ ማስመለሱ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ የድሬ ልብስ ሰፊዎችንና የማሽን መካኒኮችን ዛሬውኑ አዳርሺ። ፎቶውን ላኪላቸው፣ «ይህ ማሽን ክርክር አለበት» በያቸው። ከፍርድ ቤት ወረቀት በፊት ሰዎቹ እንዲያውቁ ማድረግ የምትችይው አንቺ ነሽ። እሱን ግን በስሙ ጠርተሽ ሌባ ነው እያልሽ አትለጥፊ፤ ክሱ ወዳንቺ ይዞራል። ክስ ከመሠረትሽ ደግሞ ክርክሩ እስኪያልቅ ማሽኑ እንዳይሸጥ ፍርድ ቤቱ እግድ እንዲሰጥልሽ አብረሽ ጠይቂ። የፌዴራል ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት እዚሁ ድሬዳዋ አለ፤ አዲስ አበባ መሄድ አይጠበቅብሽም። ጠበቃ የምትከፍይው ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ድሬዳዋ ቅርንጫፍ አለው፤ አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነጻ ያግዛሉ። ሰነድሽን ይዘሽ ሂጂ።

ወንድሞችሽ «ገብተን እናምጣው» እንዳሉሽ ጽፈሻል። በፍጹም እንዳይሞክሩት። ሰው ቤት ያለ ፈቃድ መግባት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ዛሬ ተበዳይ ነሽ፤ እነሱ በር ከሰበሩ ነገ ተከሳሾቹ እናንተ ናችሁ። ያ ሁሉ ማስረጃሽም ሌላ ታሪክ ይሆናል።

ሻጩ አልገኝ ካለሽ በውስጥ ጻፊልኝ። መጋላ ከቆዩ ልብስ ሰፊዎች ጋር የሚያገናኙሽ ሰዎች አውቃለሁ፤ እነሱ ማን ለማን ማሽን እንደሸጠ አይጠፋቸውም።