ለምስጋና መክፈል ይቻላል? ከጎንደር የመጡ ጥያቄዎች

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ላይ ሆቴሉም አስጎብኚውም ጦማሪና ቲክቶከር ያፈላልጋል። እኔ በሁለቱ መሀል ሆኜ ውል አረቅቃለሁ፤ ሲጣሉም አስታርቃለሁ። «ያሻችሁን ጠይቁኝ» ብዬ የመጣልኝ ይኸው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሆቴል አለኝ። ከፍዬ ባስጽፍ ነውር ነው?

መልስ፦ መክፈሉ ነውር የለውም ጋሼ። ሬዲዮም ጋዜጣም በማስታወቂያ ገንዘብ ይኖራል። ነውሩ መደበቁ ነው። ሀዋሳ ያለ አንባቢ «ልጁ ወዶት ነው» ብሎ አምኖ ክፍል ይይዛል። የተከፈለበት መሆኑን ቢያውቅ ምናልባት ሌላም ሰው ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ «ይህ ጽሑፍ የተከፈለበት ነው» የሚለው ከላይ ይግባ። ከሃሽታግ ክምር ሥር የተቀበረ ቃል እንዳልተጻፈ ነው።

ጥያቄ፦ ብር አልተቀበልኩም። በነጻ አደርኩ፣ ምሳ ተጋበዝኩ። ይሄም ይነገራል?

መልስ፦ ይነገራል እህቴ። የጎንደር ሰው እንግዳ ይወዳል፤ እሱን አልክድም። ግን ጋባዡ «መቼ ነው የምትለጥፊው?» ካለሽ ግብዣው ደመወዝ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ሕጉስ?

መልስ፦ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2009 የንግድ ኮሚሽናቸው መመሪያ ጦማሪዎችንም እንዲመለከት አድርገዋል፤ ገንዘብም ሆነ ነጻ ዕቃ የተቀበለ ይግለጽ ነው የሚለው። ዩቲዩብም ቪዲዮ ሲጫን የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳውቅ ምልክት ማድረጊያ አለው። እሱን መንካት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ጥያቄ፦ ባለሆቴሉ «ስለ ውሃው እንዳትጽፍ» አለኝ። ገንዘቡን ደግሞ ተቀብያለሁ።

መልስ፦ ዋናው ፈተና ይሄ ነው። ውሃ መጥፋት ጎንደር ውስጥ የቆየ ችግር ነው፤ ለእንግዳ ከመኝታው እኩል ያሳስበዋል። እሱን ከዘለልክ የሸጥከው ቦታ ሳይሆን ሚዛንህን ነው። ባለሆቴሉ የዋጋና የስልክ ስህተት ማረም ይችላል። ፍርድህን ግን አያርምም። ይሄ ሥራው ሳይጀመር በውል ላይ ይስፈር። ካልተስማማ ገንዘቡን መልስለትና አትጻፍ።

ለባለሆቴሎቹም አንድ ነገር ልበል። «ውሃ አንዳንዴ ይጠፋል፤ ታንከር ግን አላቸው» የሚል ጽሑፍ ሙገሳ ብቻ ካለበት ጽሑፍ የበለጠ ይታመናል። እንከን የሌለው ሆቴል ስታነቡ እናንተስ ታምናላችሁ?

ጥያቄ፦ ተፎካካሪዬን እንዲያጥላላልኝ ብከፍለውስ?

መልስ፦ ኧረ ተው! ይሄ ስም ማጥፋት እንጂ ማስታወቂያ አይደለም። የሚቀበለውም ልጅ ነገ በአንተ ላይ ይከፈለዋል።

ጥያቄ፦ ከፋዩስ ተጠያቂ ነው? የሚዋሸው ጸሐፊው አይደል?

መልስ፦ «የተከፈለበት መሆኑን አትጻፍ» ብሎ የሚከፍል እኩል ተጠያቂ ነው። እንዲያውም ልጆቹ ወጣቶች ናቸው፣ ገንዘብ ይቸግራቸዋል። ሀሳቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከከፋዩ ነው።

ጥያቄ፦ ክፍያው እንዴት ይሁን?

መልስ፦ ለሥራው ይከፈል እንጂ ለምስጋናው አይከፈል። ለጽሑፍ፣ ለፎቶ፣ ለጉዞ ተብሎ ይቆረጥ። በመጣ እንግዳ ልክ ኮሚሽን ከሆነም አንባቢው ይወቀው። ደግሞ ሒሳቡን ከበዓሉ በፊት ጨርሱ። ከጥምቀት ማግሥት ስልክ የማያነሳ ባለሆቴልና ደጁ ላይ የሚቆም ጦማሪ ማስታረቅ ሰልችቶኛል።