የካውቦይ ሬዲዮ ድራማ ውስጥ ማን ይናገራል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ድሮዎቹ የአሜሪካ የካውቦይ ሬዲዮ ድራማዎች የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ዛሬ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ካውቦይ ማለት ቀይ ህንድ መግደል አይደል እንዴ? ፍትሕ የሚባለው የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ ብዙዎቹ እንዳላችሁት ናቸው። «ጋንስሞክ» ግን ይለያል። ከ1952 እስከ 1961 በሲቢኤስ ሬዲዮ የተላለፈ፣ ለአዋቂዎች የተጻፈ ድራማ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በ1870ዎቹ፣ ካንሳስ ውስጥ ባለችው ዶጅ ሲቲ ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት አለች። የአገሬውን ነባር ሕዝብ የሚያጭበረብር ነጋዴ አለ። ያለ ፍርድ ሰው ካልሰቀልን ብሎ ግር ብሎ የሚወጣ ሕዝብም አለ። ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ሕግ አስከባሪው ማርሻል ማት ዲለን፣ ሁሉንም አያድንም፤ አንዳንዴ የሚደርሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ዊልያም ኮንራድ ሲጫወተው ድካሙ ከድምፁ ይሰማል።

ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። ጣውላ ላይ የሚረግጥ ቡት፣ የበር ሲጥታ፣ ተኩስ፣ ከዚያ ጸጥታ። ሙዚቃው ብዙ ጊዜ አይቸኩልም። ሰው መሞቱን እንድናስብ ጊዜ ይሰጠናል። የማንም ሞት እንደ ቀልድ አይታለፍም፤ ድራማውን የምወድለት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የ«ጋንስሞክ»ዋ ኪቲ ሥራዋ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሴተኛ አዳሪ ናት። ድራማው በግልጽ አይናገረውም፤ ፕሮዲዩሰሩ ኖርማን ማክዶኔል ግን ያኔውኑ ለመጽሔት ሳይሸፋፍን ተናግሮታል። ማት ያከብራታል፣ ምክሯንም ይሰማል።

ጥያቄ፦ «ሎን ሬንጀር» በተባለው ድራማ የቶንቶ ድምፅ የማን ነው?

መልስ፦ ጆን ቶድ የተባለ ነጭ ተዋናይ ነው። «ሎን ሬንጀር» በ1933 ከዲትሮይት ነው የጀመረው። ቶንቶ ከአገሬው ነባር ሕዝብ የሆነ፣ ጓደኛውን ሎን ሬንጀርን ከሞት አፋፍ የመለሰ ሰው ነው። ግን የሚናገረው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፤ ይሄ ያናድደኛል። «ሃቭ ጋን ዊል ትራቭል» የተባለው ሌላ ድራማ ላይ ያለው ቻይናዊ የሆቴል ሠራተኛም «ሄይ ቦይ» እየተባለ ነው የሚጠራው። የተጫወተው ደግሞ እንግሊዝ የተወለደው ቤን ራይት ነው። ለተበደለው የሚቆረቆር ድራማ እንኳ ማይክሮፎኑን ለተበዳዩ አልሰጠውም።

ጥያቄ፦ ጥቁር ካውቦዮች አልነበሩም?

መልስ፦ ነበሩ እንጂ! በብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ግምት ከአራት ካውቦይ አንዱ ጥቁር ነበር። ባስ ሪቭስ በባርነት ተወልዶ ምክትል ማርሻል ሆኗል፤ ከ3,000 በላይ ሰው አስሯል ይባላል። በሬዲዮው ዘመን እሱን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገ ተከታታይ ድራማ አልሰማሁም። ማት ዲለንን የምናውቀውን ያህል እሱን አለማወቃችን ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ በየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ብዙዎቹን ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኛላችሁ። በ«ጋንስሞክ» ጀምሩ። ቀጥሎ «ቴልስ ኦቭ ዘ ቴክሳስ ሬንጀርስ» የ1950 የገና ዋዜማ ክፍሉን ስሙ። ታሪኩ ካለቀ በኋላ ተዋናዩ ጆል ማክሪ በራሱ ስም አድማጩን ያናግራል፤ ሰውን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ መጥላት መርዝ ነው ይላል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ውስጥ ጥቁርና ነጭ በሕግ በሚለያይበት ዘመን ነው ይህን ያለው። ታሪኩ አለቀ ብላችሁ እንዳትዘጉት።