ዌብሳይቱ ጥሩ መሆኑን በምን ልወቅ ላልሽው

ሰላም እህቴ፣ ላሊበላ ለከፈትሽው የእንግዳ ማረፊያ ዌብሳይት አሰርተሽ የሰራልሽ ልጅ "ጨርሻለሁ ቀሪውን ክፈይኝ" እያለሽ ነው፣ አንቺ ደሞ "ለኔ ያምራል፣ ግን ጥሩ መሆኑን በምን ልወቅ" ብለሽ ጠይቀሻል። ከስር ሰው ሁሉ "ያምራል" "ከለሩ አልተመቸኝም" እያለ ጽፎልሻል። እኔ እዚሁ ደሴ ይሄንኑ ስራ እየሰራሁ ስለምውል ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ አብሽሪ ከባድ ነገር አይደለም።

በመጀመሪያ "ያምራል ወይ" የሚለውን ተይው። የኛ ሰው ስራሽን ስታሳዪው አስቀያሚ ነው ብሎ ፊትሽን አያጠቁርም፣ "ማሻአላህ ሸጋ ነው" ብሎ መርቆሽ ይሄዳል፣ በምርቃት ደሞ ክፍል አይያዝም። አስተያየት ከምትጠይቂው ስራ ስጪው። ስልኩን እጁ ላይ አድርጊና "ለጥምቀት ዋዜማ ለሁለት ሰው አንድ ክፍል ያዝልኝ" በይው፣ ከዛ ዝም በይ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ፣ "እዛ ጋር ንካው እንጂ" ልትይ ምላስሽን ይበላሻል፣ እንዳትናገሪ። ጣቱ የት እንደሚሄድ፣ የት ቆሞ እንደሚያስብ፣ የት ወደኋላ እንደሚመለስ ብቻ እዪ፣ ከቻልሽ ስክሪኑን ሪከርድ አድርጊው።

ለሌላ ሆቴል ስሞክር ያየሁትን ልንገርሽ። አንዲት እናት የክፍሉን ፎቶ ነኩት፣ ምንም የለም፣ ደግመው ነኩት፣ አሁንም ምንም። ፎቶው ዙሪያውን ጥላ ነገር ስለተደረገበት በተን (የሚነካ ቁልፍ) ይመስላል፣ እውነተኛው "ክፍል ይያዙ" የሚለው ግን ከስሩ በቀጭን ግራጫ ጽሑፍ ተቀምጧል። በመጨረሻ "ኔትወርኩ ነው መሰለኝ ልጄ" ብለው ስልኩን መለሱልኝ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር። ሰው ዲዛይኑን አይወቅስም እህቴ፣ ወይ ኔትወርኩን ወይ ራሱን ነው የሚወቅሰው፣ ስለዚህ ቅሬታ አልመጣም ማለት ችግር የለም ማለት አይደለም፣ ዝም ብሎ ዘግቶ ሌላ ሆቴል ጋር ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ስንት ሰው ልሞክር ካልሽ ዌብሳይት ለሰው መቅለሉን በመፈተሽ ሙያ ስሙ የሚጠራው ጃኮብ ኒልሰን በ2000 በፈረንጆቹ አምስት ሰው ይበቃል ብሎ ጽፏል፣ ከዛ በኋላ ያው ችግር ነው የሚደጋገመው። ተጠቃሚሽ ሁለት አይነት ከሆነ ግን ከየአይነቱ ሶስት አራት ሰው ነው የሚለው። ያንቺ ሁለት አይነት ነው፣ ለገና ለጥምቀት የሚመጣው ሀገሬውና ፈረንጁ። ፈረንጅ ደሞ ላሊበላ አይጠፋም፣ ቡና ጋብዘሽ አሞክሪው።

ልጁ በራሱ ላፕቶፕ ሲያሳይሽ አትመኚ፣ ልብስ በሱቁ መብራት አይቶ እንደመግዛት ነው። ርካሽ ስልክ ተዋሺ፣ ዋይፋዩን አጥፊ፣ በዳታ ክፈቺው፣ ደጅ ወጥተሽ ፀሐይ ላይ አንብቢው። ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ ቤት ውስጥ ዘመናዊ ይመስላል፣ ፀሐይ ላይ ግን ይጠፋል። ለዚህ መለኪያ አለው፣ የጽሑፉና የጀርባው ንፅፅር (የድምቀት ልዩነታቸው) ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት ይላል አለም አቀፉ የዌብሳይት ተደራሽነት መመሪያ፣ የሚለካ ነፃ መሳሪያም ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ፍጥነቱን ደሞ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የሚባለው የጉግል ፍጥነት መለኪያ ላይ ሊንኩን አስገቢና የሞባይሉን ውጤት እዪ፣ የገጹ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢወጣ ጥሩ ነው፣ ከዘገየ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከካሜራ እንደወጣ ሳይቀነስ የተጫነ ፎቶ ነው፣ ልጁ መጠኑን ይቀንሰው። ግን በውጤቱ ብቻ አትታለዪ፣ ከ100 95 አግኝቶ ክፍል መያዝ የማይቻልበት ሳይት አለ።

አሁን ዋናው ነገር፣ የኛ ሀገር ጣጣ። ሰዓቱን እዪ። "መግቢያ 8:00" ተብሎ እንግሊዝኛው ገጽ ላይም እንዳለ ከተገለበጠ ያንቺ የቀኑ 8 ሰዓት ለፈረንጁ የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ ሻንጣውን ይዞ ክፍሉ ሳይፀዳ በርሽ ላይ ይቆማል። እንግሊዝኛው ላይ በነሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 2 ተብሎ ይጻፍ። ቀኑም እንደዛው። የገና ልዩ ዋጋ ካወጣሽ ፈረንጁ ዲሴምበር 25 ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ጃንዋሪ 7 ተብሎ በግልጽ ይቀመጥ፣ አማርኛው ላይ ደሞ በኛ ቀን። (እሱም ቢሆን ልጁ ታኅሣሥ 29 ብሎ ለሁልጊዜ እንዳይቸክለው፣ ጳጉሜ ስድስት ከሆነች በኋላ ገና 28 ላይ ይውላል፣ በኛ 2016 እንደዛ ነበር።) የካላንደሩ ሳጥን የፈረንጅ ብቻ ከሆነ ሀገሬው ቀን ይሳሳታል፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ቢታይ ይሻላል።

ፎርሙም ላይ አንድ ሁለት ነገር። ስልክ ቁጥሩ በ07 የሚጀምረውንም የውጭ ሀገሩንም ይቀበል፣ በ09 ካልሆነ አልቀበልም የሚል ፎርም አሁንም አለ። ስም የአባት ስም ብሎ ከጠየቀ ይበቃል፣ የአያት ስም ካልሞላህ አላሳልፍህም የሚለው ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ከዛ ራስሽ ሞልተሽ ላኪ። "ደርሶናል" የሚል መልስ ያሳያል ወይስ ዝም ይላል? ኒልሰን ለጥሩ ዲዛይን ካስቀመጣቸው አስር መርሆች የመጀመሪያው ይሄ ነው፣ ሲስተሙ ምን እያደረገ እንደሆነ ለሰው ይንገረው ነው የሚለው። ዝም ካለ ሰው ደጋግሞ ይልካል፣ አንቺ አንዱን እንግዳ አራት አድርገሽ ትመዘግቢያለሽ። መልእክቱ ኢሜይልሽ ውስጥ መግባቱንም እዪ፣ ስፓም ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል።

አማርኛው ፎቶ ላይ የተጻፈ እንዳይሆን፣ ጉግል በደንብ አያገኘውም፣ ዳታው ተንቀራፎ ፎቶው ካልወጣ ዋጋሽም አብሮ ይጠፋል። መስመሮቹም ተጠጋግተው ከሆነ ፊደላችን ይጨናነቃል፣ ክፍተቱን ይጨምርበት።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ለልጁም ፍረጂለት። ፎርሙ ካልሰራ፣ በተኑ ካልታየ ያ የሱ ስራ ነው፣ አስተካክሎ ይጨርስ። ስምምነታችሁ ላይ ያልነበረ ነገር፣ ለምሳሌ ሁለት ካላንደር፣ ከፈለግሽ ግን ተጨማሪ ነውና ለብቻው ተነጋገሩበት፣ በነፃ አታስለፊው። ከመክፈልሽ በፊት ግን ዶሜይኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ) በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቂው፣ በሱ ስምና በሱ ኢሜይል ከሆነ መጀመሪያ ወዳንቺ ያዙረው፣ የሆስቲንጉን (ዌብሳይቱ የተቀመጠበትን ቦታ) ፓስወርድም ይስጥሽ፣ ከዛ በዛው ቀን ክፈይው።