ድድና ሶሪያሲስ ይገናኛሉ ወይ? (መልስ)
አብሽሪ እህቴ። «ሶሪያሲስ አለብኝ፣ ድዴም ይደማል፤ ይገናኛሉ?» ላልሽው፦ አዎ፣ ሶሪያሲስ (ቆዳን የሚያቀላና የሚያስቀርፍ በሽታ) ያለበት ሰው ላይ የድድ በሽታ በብዛት ይታያል። አንዱ ሌላውን ያመጣል ማለት ግን አይደለም፤ ድድሽን መታከምም የቆዳ መድኃኒትሽን አይተካም።

ከደሴ ሰኞ ገበያ የምትገዢውን መፋቂያ ጫፉ እስኪለሰልስ አኝኪው፤ ደረቁ ድድ ያቆስላል። ብሩሽ ከሆነ ለስላሳውን፣ ወደ ድዱ 45 ዲግሪ አዘንብለሽ፣ በቀን 2 ጊዜ ለ2 ደቂቃ። ጥርስ ላይ የደደረው ቆሻሻ በብሩሽ አይለቅም፣ በሐኪም ይታጠብ። ሳይክሎስፖሪን የሚባለውን የሶሪያሲስ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ድድ ያሳብጣል።

ድድሽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚላጥ፣ አፍሽም ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ግን አትቆዪ! ፔምፊገስ (ቆዳና አፍ ላይ ውሃ የሚቋጥር ከባድ በሽታ) ሊሆን ይችላል፤ እሱ ብዙ ጊዜ ከቆዳ በፊት አፍ ላይ ነው የሚጀምረው። ለምርመራ የሚቆረጠው የሥጋ ናሙና ከቁስሉ መሃል ሳይሆን ከጠርዙ ካልተወሰደ በሽታው ሊያመልጥ ይችላል።