ቡቲክ ጊታር ወይስ የታወቀው? ጥያቄና መልስ ከደሴ

ስለ ጊታር መጠየቅ የምትፈልጉ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ጉድ ነው የመጣው! ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከባቲም፣ ከወልዲያም። አብዛኛው ጥያቄ የሚዞረው አንድ ነገር ላይ ነው፦ በትንሽ ወርክሾፕ በእጅ የሚሠራው ውድ ጊታር ከታወቁት ትልልቅ ፋብሪካዎች፣ ከእነ ፌንደር፣ ጊብሰንና ያማሃ በድምፅ ይበልጣል ወይ? እኔ ማታ ማታ ሰርግ ላይ እጫወታለሁ፤ ቀን ቀን የሰው ጊታር እጠግናለሁ። የማውቀውን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ፦ ቡቲክ ጊታር ምንድን ነው? እኔ ቡቲክ የማውቀው ፒያሳ ልብስ የሚሸጥበትን ነው።

ልክ ነህ፣ ስሙ እኛ ጋ ያስቃል። ጥቂት ሠራተኛ ይዘው በዓመት ጥቂት ጊታር የሚሠሩትን ነው እንዲህ የሚሏቸው። አሜሪካ ውስጥ ቶም አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1984፣ ጆን ሱር ደግሞ በ1997 የጀመሩት ይጠቀሳሉ። ሱር የራሱን ከመክፈቱ በፊት እዚያው ፌንደር ነበር የሚሠራው። እና ብዙዎቹ የሚሠሩት ቅርፅ አዲስ አይደለም። ፌንደር በ1954 ያወጣው ስትራቶካስተር፣ ጊብሰን በ1952 ያወጣው ሌስ ፖል፣ እነሱኑ አጥርተው መሥራት ነው ሥራቸው። ፒ አር ኤስ የሚባለው ጊታር ሠሪ ደግሞ በ1985 በትንሹ ጀምሮ ዛሬ ትልቅ ፋብሪካ ሆኗል። ድንበሩ ያን ያህል የተሰመረ አይደለም።

ጥያቄ፦ ወላሂ እውነቱን ንገረኝ። ድምፁ ይለያል?

ይለያል፤ ግን የዋጋውን ያህል አይደለም። ያየሁትን ልንገርህ።

አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ ልጅ ከ3,000 ዶላር በላይ ያወጣበትን ጊታር ይዞ ልምምድ ላይ መጣ። እኔ ያችን ያረጀች ያማሃዬን ይዣለሁ። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት አዲስ ክር አሰርን። በአንድ ኬብል፣ በአንድ አምፕ (ድምፅ ማጉያ)፣ ድምፁን እኩል አድርገን ሞከርን። ማሲንቆ ተጫዋቻችን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጆሮው ለክፉ አይሰጥም፤ ክር ሩብ ያህል ስትወርድ ከጓዳ ሆኖ የሚጮህ ሰው ነው። አምባሰል ተጫወትኩ። ጊታሮቹን ሦስት ጊዜ ስቀያይር ዝም አለ። አራተኛው ላይ «አሁን ቀየርክ!» አለ። ጊታር አልቀየርኩም። ያማሃዬ ላይ ያለችውን ማብሪያ ከአንገት በኩል ካለው ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚለቅመው ዕቃ) ወደ ብሪጅ (ክሮቹ ታች የሚያርፉበት) በኩል ወዳለው ነበር የገፋኋት።

ነገሩ ይኸው ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ድምፁን ወደ አምፕ የሚልከው ፒክአፕ ነው፤ ማግኔት ላይ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ። ክሩ ማግኔቱ አጠገብ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ስንት ዙር ተጠመጠመ፣ ማግኔቱ ምን ዓይነት ነው፣ ከክሩ ስንት ሚሊሜትር ይርቃል፣ ቃናውን የሚወስነው በብዛት ይህ ነው። ከዚያ አምፑና ስፒከሩ አሉ። ስለ እንጨቱ ሲከራከሩ የሚያድሩ አሉ፤ እኔ አልገባበትም። የአምፕ ስፒከርህ ተቀዶ ስለ እንጨት ማውራት ግን ወጡ ሳይሠራ ስለ ሞሰቡ መጨነቅ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያ ሁሉ ብር የት ገባ?

እጅ ላይ። ርካሽ ጊታር አንገት ያዝና መዳፍህን ከላይ ወደ ታች ጎትት። በተለይ በበጋ እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፍ ወጣ ወጣ ብሎ እንደ መጋዝ ይጎረብጣል። ጥሩ ሠሪ እያንዳንዱን ጫፍ በሞረድ አለዝቦ ነው የሚሰጥህ። ሃያ ሁለት ፍሬት፣ አርባ አራት ጫፍ፤ ያ ጊዜ ይበላል፣ ጊዜ ደግሞ ዋጋ ነው።

ሌላው አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ትንሽ ነጭ አጥንት ናት። ፕላስቲክም ትሆናለች። ክሩ የሚቀመጥበት ቦይ ከጠበበ፣ ስትቃኝ ክሩ ይያዛል። ቁልፉን ታዞራለህ፣ ምንም የለም። እንደገና ታዞራለህ፣ ምንም። ከዚያ «ጭ!» ብሎ ይዘልና ቅኝቱን ያልፋል። ብዙ ሰው ቁልፉ ተበላሽቶ ይመስለውና ቁልፍ ሊያስቀይር ይመጣል። መድኃኒቱ ቦዩን በቀጭን ሞረድ ትንሽ ማስፋት ነው። ሞረድ ከሌለህ የእርሳስ ጫፍ ቦዩ ውስጥ አሻሽበት፤ ጥቁሩ ዱቄት ክሩን ያንሸራትተዋል። ውዱ ጊታር ላይ ይህ ከመጀመሪያው ተጠንቅቆ የተሠራ ነው። ልዩነቱን የምትሰማው በጆሮህ ሳይሆን በጣትህ ነው።

ጥያቄ፦ አዳራሽ ስንጫወት ጊታሬ እዝዝ ይላል። ውድ ብገዛ ይተወኛል?

አይተውህም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ያንን ከአየር ይለቅመዋል፣ በ3,000 ዶላርም ቢገዛ። ሃምበከር የሚሉትን ፒክአፕ ፈልግ። በ1955 ጊብሰን ቤት የሠራው ሴዝ ላቨር የሚባል ሰው ነው። ሁለት ጥቅል በተቃራኒ አቅጣጫ ይገጠሙና እዝዝታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ርካሽ ጊታርም ላይ አለ። ክሩን በእጅህ ስትይዝ ዝም የሚል ከሆነ ግን የጊታሩ ውስጥ እዝዝታውን እንዲከላከል በደንብ አልተሸፈነም ማለት ሊሆን ስለሚችል አስፈትሸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ በብዛት የምጫወተው ባቲና አምባሰል ነው። ለእኛ ቅኝት የሚሻል ጊታር አለ?

ይህን የጠየቀችኝ ልጅ ትባረክ። ቅኝቶቹ የአገራችን ልጆች ናቸው፣ ጊታሮቹ ግን ለእነሱ ታስበው አልተሠሩም። ፍሬት ቋሚ ነው፤ ማሲንቆ ፍሬት የለውም። አምባሰል ላይ ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ከፍ የምትለዋን ማሲንቆው ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ እያደረገ ያለቅሳታል። አንቺ ፍሬቱ ላይ ቆመሽ ትቀሪያለሽ። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ ክሩን በቀላሉ መግፋት የሚያስችል ጊታር ነው። ቀጭኑን፣ 9 ወይም 10 ቁጥር ክር እሰሪ። ፍሬቱ የተወለወለ ይሁን። የጊብሰን ዓይነቱ የክር ርዝመት 628 ሚሊሜትር ያህል፣ የፌንደሩ 648 ነው። አጭሩ በዚያው ክርና በዚያው ቅኝት ላላ ስለሚል መግፋቱ ይቀላል። እኔ ግን በፌንደሩ ዓይነት ከአንገቱ ፒክአፕ ከክራር ጋር ስጫወት ደስ ይለኛል። ጥርት ይላል፣ ክራሩን አይሸፍነውም። የጣዕም ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ስኳየርና ኤፒፎን አስመስሎ የተሠራ ነው ይሉኛል።

አይደለም። ስኳየር የራሱ የፌንደር ነው፣ ኤፒፎን ደግሞ የጊብሰን። ርካሽ አገር ነው የሚያሠሯቸው። ስሙን ብቻ ጽፈው የሚሸጡ ሐሰተኞች አሉ፣ ያ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ኋላ ልሽጠው ብልስ?

እዚህ ላይ የታወቀው ያሸንፋል። ደሴ ላይ «ፌንደር አለኝ» በል፣ እስከ ማታ ሦስት ሰው ይደውላል። «ሱር አለኝ» ብትል «እሱ ደግሞ ማነው?» ነው የምትባለው። መለዋወጫም እንደዚያው። ሊዮ ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት አይችልም። አንገቱን በአራት ብሎን ገጠመው፣ ሲበላሽ ፈትተህ ትቀይረዋለህ። እኛን ጠጋኞቹን ያሰበልን ሰው ነው።

ጥያቄ፦ እጄ ላይ ያለው ብር ትንሽ ነው። ምን ልግዛ?

ያገለገለ ያማሃ ፓሲፊካ ወይም ስኳየር። ስትገዛ ከሁሉም በፊት አንገቱን እይ። አንዱን ክር የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነህ መሀሉን ተመልከት። ስስ ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ክፍተት ካለ ደህና ነው። ጣት የሚያስገባ ከሆነ ሻጩን አመስግነህ ሂድ። የተረፈህን ብር አምፕ ላይ አውለው። አንድ ወዳጄ ተቃራኒውን አድርጎ፣ በውድ ጊታሩ የልጆች መጫወቻ በሚያክል አምፕ ሲጫወት ከርሟል። የሚወጣው ድምፅ የንብ ቀፎ ነበር።

ጥያቄ፦ ያን የውጭ ጊታር በነፃ ቢሰጡህ ትወስዳለህ?

እንዴ! ሮጬ ነዋ። ያ አንገት እስካሁን መዳፌ ላይ አለ። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ኮምቦልቻ ሰርግ አለብኝ፣ የያማሃዬ ሦስተኛ ክር ደግሞ እንደገና መያዝ ጀምሯል። እርሳስ ፍለጋ ልነሳ።