የቃኘው ወታደሮችና የኮሪያ ወላጅ አልባ ሕፃናት

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣ አያቴ በሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ የክቡር ዘበኛ ባለሌላ ማዕረግተኛ ነበሩ። በቤታችን አንድ የቆየ ፎቶግራፍ አለ። አያቴ በርከክ ብለዋል፤ አጠገባቸው ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ የእሳቸውን ካፖርት ለብሶ፣ እጅጌው ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎለት፣ ጫፉ መሬት እየነካ ቆሟል። ስሙን መጥራት ስለከበዳቸው «ማሙሽ» ይሉት ነበር። ከጓደኞቻቸው ጋር ከደመወዛቸው እያዋጡ እንዲህ ያሉ ልጆችን ያሳድጉ እንደነበር ደጋግመው ነግረውናል። በቅርቡ ግን የአጎቴ ልጅ «የተረፈ ምግብ ሰጥተው ይሆናል እንጂ ሌላው የሽማግሌ ጨዋታ ነው» አለኝ። እውነቱ የቱ ነው? ፎቶግራፉንስ ምን ባደርገው ይሻላል?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አያትዎ የነገሯችሁ እውነት ነው። የኢትዮጵያ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1953 ከሴኡል በስተሰሜን በምትገኘው በዶንግዱቾን ቦህዋ የተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው፣ ከገዛ ደመወዛቸው እያዋጡ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን እስከ 1956 ድረስ አሳድገዋል። ዓመተ ምሕረቱ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ የተኩስ አቁም ስምምነቱ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 27 ቀን 1953) ስለሆነ፣ የማሳደጊያው ሥራ በአብዛኛው የተከናወነው ተኩሱ ከቆመ በኋላ ነው።

ችግሩ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ለመረዳት ሴኡል እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1950 እስከ መጋቢት 1951 ባሉት ወራት ብቻ አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፏን ማስታወስ ይበቃል። በእያንዳንዱ ጊዜ ሕዝቡ ጓዙን ተሸክሞ ሲሸሽ ብዙ ልጆች ወላጆቻቸውን በሞት አጥተዋል፤ በግርግሩ ተለያይተው የቀሩትም ጥቂት አልነበሩም። እነዚህ ልጆች እህል የሚገኘው በጦር ሰፈሮች ዙሪያ ስለነበር ወደዚያ ይጠጉ ነበር፤ ጫማ ይጠርጋሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ይላላካሉ፣ በምላሹም ምግብና የሚያድሩበት ጥግ ያገኛሉ። የአያትዎ ማሙሽም ከእነዚህ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

የአጎትዎ ልጅ ያነሱት ጥርጣሬ ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም፤ ምክንያቱም የተረፈ ምግብ መስጠትና ልጅ ማሳደግ በእርግጥ ይለያያሉ። የቃኘው ሻለቆች አንዱ ሌላውን እየተካ የሚፈራረቁ ነበሩ፤ የመጀመሪያው በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ተጓዘ፣ ከዚያም ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ተከታተሉ። አንድ ወታደር በግሉ የያዘው ልጅ፣ ያ ወታደር ተራው ደርሶ ሲመለስ ሁለተኛ አባቱን ያጣ ያህል ነበር። አልቅሶ ወደብ ድረስ መሸኘት የልጁን የነገ ምሳ አይተካም። በመዋጮ የቆመ ቤት ግን ሄያጁ ለመጪው የሚያስረክበው ነው፤ ሰውየው ይሄዳል፣ ቤቱ ይቀራል። እኔ የቦህዋን ትልቅነት የማየው እዚህ ላይ ነው። ደግነት በአንድ ሰው ልብ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል አድርገውታል።

ያዋጡትም ባለጸጎች አልነበሩም። በኮሪያ ከ120 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተሰውተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ ደመወዛቸውን በአገር ቤት የሚጠብቅ ቤተሰብም ነበራቸው። ለምን አደረጉት ቢሉኝ የራሴን ግምት ልናገር፦ በ1945 ዓ.ም. ሃያ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው ወታደር፣ ጣሊያን አገራችንን ሲወርር የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ቤት ሲቃጠልና አባት ሳይመለስ ሲቀር በልጅ ዓይኑ ያየ ሰው፣ ካፖርት የሌለውን ልጅ ማንነቱን ጠይቆ አያልፍም።

ለእውነት ያህል፣ ይህን ያደረጉት ኢትዮጵያውያን ብቻ አልነበሩም። የቱርክ ወታደሮች በሱዎን ከተማ በዋና ከተማቸው በአንካራ ስም የተሰየመ ትምህርት ቤትና ማሳደጊያ ነበራቸው፤ አሜሪካውያንም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1950 አንድ ሺህ የሚጠጉ ሕፃናትን ከሴኡል ወደ ጄጁ ደሴት በአውሮፕላን አሽሽተዋል። የእኛዎቹ ሥራ በዚህ መሐል ቢቀመጥ አያንስም።

ፎቶግራፉን በተመለከተ፣ እባክዎ በመጀመሪያ በጥሩ ሁኔታ ያስቀዱት፤ ዋናውን ከቤት አያውጡት። ግልባጩን በአዲስ አበባ ለሚገኘው የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ይስጡ። ሌላውን በኮሪያ ቹንቾን ከተማ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ይላኩ፤ አዳራሹ የተከፈተው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአቅራቢያው ያለው ሐውልት ደግሞ በ1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀው ነው። ከግልባጩ ጋር የአያትዎን ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ ሻለቃና የሚያስታውሱትን ቦታ ሁሉ ይጻፉ። «ማሙሽ» የሚለውንም አይተዉ፤ ያ ልጅ በሕይወት ካለ ዛሬ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ ካፖርቱን ባያስታውስ እንኳ የተጠራበትን ስም ያስታውስ ይሆናል።