ፋይተሩ ደካማ ነው ከማለታችሁ በፊት

ልጆች፣ ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ጓደኞቹን ሰብስቦ እኛ ቤት ዲ ኤንድ ዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ) ሲጫወቱ ጥግ ይዤ ተመለከትኳቸው። ጨዋታው ሲያልቅ ክርክር ተነሳ፤ ክርክሩ ከጨዋታው በላይ ቆየ። ዋርሎክ የያዘችው ልጅ "ይሄ ክላስ አይረባም" አለች። ዊዛርድ የያዘው "አጫወቱን ስላላወቅሽበት ነው" አላት። አጫዋቹ ደግሞ እዚያው ሕግ ሊቀይርላት ተነሳ። ልናገር ፈልጌ ነበር፣ ግን በወጣት ጨዋታ መሃል ሽማግሌ ዘው ሲል አያምርም ብዬ ተውኩት። ያኔ የዋጥኩትን አሁን ልጻፈው፣ ለእነሱም ለእናንተም።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፣ ቁርጡ ያልታወቀ ነገር ሁሉ በዳይስ ይወሰናል። ክላስ የሚባለው የገጸ ባሕርዩ ሙያ ነው። ፋይተር በሰይፍ ይዋጋል፣ ዊዛርድ ከመጽሐፉ ድግምት ይደግማል፣ ዋርሎክ ከአንድ ኃያል መንፈስ ጋር ቃል ኪዳን ገብቶ አስማቱን ከእሱ ያገኛል። ሌሎችም አሉ።

የእኔ ሙያ ሕንፃና ድልድይ ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቼበታለሁ። አንድ ሰው መጥቶ "ይሄ ምሰሶ ደካማ ነው" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "ምን ተሸክሞ?" ብዬ ነው። ስለ ክላስ ስትከራከሩም ከዚሁ ጥያቄ ጀምሩ።

የዋርሎኳን ነገር እንየው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው ሕግ አምስተኛ እትም፣ 5ኛ ሌቨል (የዕድገት ደረጃ) የደረሰ ዊዛርድ በታሪኩ ውስጥ ባለ አንድ ቀን 9 ድግምት ይደግማል፤ ያለ ገደብ የሚደገሙትን ትንንሾቹን ሳንቆጥር ማለት ነው። ዋርሎኳ ያላት 2 ብቻ። በዚህ ካየነው እውነትም አይረባም። ነገር ግን የዊዛርዱ 9 ሲያልቁ ዋናው መፍትሔ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ነው፤ ከዘጠኙም ትልልቆቹ 2 ብቻ ናቸው። የዋርሎኳ ሁለቱም ትልልቅ ናቸው፣ አንድ ሰዓት አረፍ ካለች ደግሞ ሁለቱም ይመለሱላታል። በቀን ሁለት ጊዜ ካረፉ 6 ትልልቅ ድግምት አላት ማለት ነው።

እኔ ቁጭ ብዬ ባየሁት ጨዋታ ስንት ጊዜ አረፉ? አንድም ጊዜ። አንድ ትልቅ ፍልሚያ ብቻ ነበር፣ ከዚያ ወደ መኝታ። የዚያው እትም የአጫዋቾች መመሪያ ግን አንድ ቡድን በቀን ከ6 እስከ 8 መካከለኛ ወይም ከባድ ፍልሚያ ሊቋቋም ይችላል ብሎ ነው የሚነሳው። ያን ያህል ረጅም ቀን የሚያጫውት ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ሥራ አለ፣ ትምህርት አለ፣ ምሽቱም አጭር ነው። ይገባኛል። ግን ቀኑ አንድ ፍልሚያ ብቻ ሲሆን ዊዛርዱ የቀን ስንቁን በሙሉ እዚያው ያራግፋል። ፋየርቦል የሚባለው የእሳት ድግምት 8 ዳይስ ያስጥለዋል፣ በአማካይ 28 ጉዳት ነው፣ ያውም የተሰበሰቡትን ጠላቶች በሙሉ አንድ ላይ። በማግስቱ ደግሞ ሁሉም ሞልቶለት ይነሳል። ስለዚህ አጫዋቹ ሕጉን ከመቀየሩ በፊት ቀኑን ቢያስረዝመው ይሻላል። አንዱን የጨዋታ ቀን በሁለትና በሦስት ቅዳሜ ይከፋፍለው። ማንም አይከለክለውም።

ይህን ስል ግን "ክላሱ ምንም የለበትም፣ ችግሩ ያለው ከተጫዋቹ ነው" የሚሉትን መደገፌ አይደለም። አንዳንዴ ምሰሶው ራሱ ደካማ ነው። ይሄን ያወቅኩት ጓደኛ አጥቼ ነው።

ወደ አሜሪካ የመጣሁት በ1980ዎቹ ለትምህርት ነበር፣ ሚልዋኪ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩትን ይህን ጨዋታ በ1974 ያወጣው ድርጅት መቀመጫ የነበረው ሌክ ጄኒቫ ከእኛ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ትልቁ የተጫዋቾች ጉባኤ ጄንኮንም ከ1985 ጀምሮ እዚያው ሚልዋኪ ይደረግ ነበር። ያኔ የምንጫወተው ሕግ ክላሶቹን እኩል ለማድረግ አልተቸገረም። ዊዛርዱ ሲጀምር በቀን አንድ ድግምት ብቻ ነበረው፣ አንዴ በሰይፍ ከተመታ አበቃለት፣ ድግምቱን ሳይጨርስ ከተመታም ድግምቱ ይባክናል። ሁለተኛ ሌቨል ለመግባት ሌባው ወደ 1,250 ነጥብ ሲበቃው ፋይተሩ 2,000፣ ዊዛርዱ 2,500 ገደማ ያስፈልጋቸው ነበር። ዊዛርዱ መጨረሻ ላይ ኃያል ይሆናል፣ ግን እዚያ ለመድረስ ፋይተሩ ከፊቱ ቆሞ ሊያድነው ይገባል። ዕዳ ነበረበት።

በ2000 ሦስተኛው እትም ሲወጣ ይህ ዕዳ ተሰረዘ። ለሁሉም ክላስ የነጥቡ ሰንጠረዥ አንድ ሆነ። ጠላት አጠገቡ ቆሞ እንኳ ዊዛርዱ ተጠንቅቆ መድገም ቻለ። ኃይሉ ግን አልተቀነሰም። 5ኛ ሌቨል ላይ መብረር ይጀምራል፣ ከዚያ በፊት መሰወር ይችላል፣ የተቆለፈ በርም በአንድ ድግምት ይከፍታል። ፋይተሩ በዚያው ሌቨል በተራው የሚሰነዝረው ምት አንድ ነው።

በዚያ ዘመን ዊዛርድ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ፋይተር የሚይዘው ጓደኛዬ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፣ ብዙ አይናገርም። አንድ ምሽት ምሽግ መስበር ነበረብን። እሱ ወረቀት አውጥቶ ከየት እንደምንገባ፣ ማን ጋሻ እንደሚይዝ፣ መሰላሉ የት እንደሚቆም አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያቅድ ቆየ። ተራው ሲደርሰኝ ተሰወርኩ፣ በረርኩ፣ በሩን ከውስጥ ከፈትኩት። ሁሉም አጨበጨበልኝ። እሱ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መምጣት አቆመ። ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብዬ አልጠየቅኩትም።

በ2008 አንድ ሠርግ ላይ ተገናኘን። ለምን እንደቀረ ያኔ ጠየቅኩት። "እኔ እኮ ሻንጣ ተሸካሚያችሁ ነበርኩ" አለኝ። አልተቆጣም፣ እንዲሁ ነው የነገረኝ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ያ ዓመት አራተኛው እትም የወጣበት ነበር። ለምኜ መለስኩት። በዚያ እትም ሁሉም ክላስ ሁልጊዜ የሚጠቀምበት፣ በአንድ ፍልሚያ አንዴ የሚጠቀምበትና በቀን አንዴ የሚጠቀምበት ችሎታ ተሰጠው። ፋይተሩ ምልክት ያደረገበት ጠላት እሱን ትቶ ወደ ሌላ ሰው ከዞረ ይከፍላታል። ጓደኛዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁላችንም ዓይናችን እሱ ላይ ሆኖ "አሁን ምን እናድርግ?" ስንለው አየሁት። ፊቱ ሌላ ሰው ሆነ።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ግን ሌሎች ሁለት ጓደኞቻችን "ሁሉም ክላስ አንድ ዓይነት ሆነ፣ ዊዛርድነቴ የት አለ?" ብለው ተማረሩ፤ በ2009 ፓዝፋይንደር የሚባል ሌላ ተመሳሳይ ጨዋታ ሲወጣ ወደዚያ ሄዱ። ፓዝፋይንደር የተሠራው በሦስተኛው እትም ሕግ ላይ ነው። ያኔ ትክክል አልመሰሉኝም ነበር፣ ዛሬ ግን እነሱም እውነት እንደነበራቸው ይሰማኛል። ዊዛርድ የሚይዝ ሰው የሚፈልገው ያልታሰበ በር መክፈት ነው። ፋይተር የሚይዝ ሰው የሚፈልገው ደግሞ እሱ ባይኖር ኖሮ ቡድኑ ያልቅ እንደነበር ማወቅ ነው። የሁለቱን ጉዳት በካልኩሌተር ብታስተካክሉት ሁለቱም ቅር ብሏቸው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ይችላሉ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አጫዋቹ የሆንከው ልጅ፣ አንድ ቁራጭ ወረቀት አጠገብህ አድርግ። የጉዳት ቁጥር አትጻፍበት። የአንድ ሰው ውሳኔ ታሪኩን ባስቀየረ ቁጥር ከስሙ ፊት አንድ ጭረት አድርግ። በሦስት ቅዳሜ ውስጥ ጭረት ያልተደረገለት ካለ፣ ቀኑ አጭር ሆኖበት ነው ወይስ ሕጉ ምንም ስላልሰጠው ብለህ አጣራ። ቀኑ ከሆነ ቀኑን አስረዝም። ሕጉ ከሆነ ያኔ ቀይር፣ ግን እሱን ራሱን ምን ማድረግ እንደሚፈልግ ጠይቀህ። ዊዛርድ የያዝከው ደግሞ፣ በሩን ከመክፈትህ በፊት ጎረቤትህ ወረቀት ይዞ እያቀደ እንደሆነ ቀና ብለህ እይ። ድግምቱን ለእሱም ልትደግምለት ትችላለህ። እኔ ያን ምሽት ማብረር የነበረብኝ እሱን ነበር።

ጓደኛዬ አሁንም ይመጣል። የ2024ቱን መጽሐፍ ገዝቶ፣ ፋይተሩ በመሣሪያው ጠላትን መግፋትና መጣል የሚችልበትን ገጽ አጣጥፎ ይዞታል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ገደል ያለበት ቦታ እንዳዘጋጅለት ነግሮኛል።